ስለ ወንዝ ዳር ሽርሽርና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

የሰው ልጅ ለሥራ ብቻ አልተፈጠረም። ሳምንቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት፣ በመደብር ወይም በትምህርት ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ለሰነበተ ሰው ንጹሕ አየር መተንፈስ፣ እግሩን ማፍታታት፣ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ መጫወት እንደ መድኃኒት ይቆጠርለታል። ስለዚህ በበጋው ወራት የቦንጋ ቤተ ሰቦች ቆጯቸውን ጠቅልለው፣ ጀበናቸውንና ስኒያቸውን በዘንቢል ይዘው ወደ ወንዝ ዳር መውረዳቸው የሚያስደስት እንጂ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም።

የካፋ ምድርም ለዚህ የታደለ ነው። ቡና ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር የሚበቅልበት ደናችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ከዚሁ ደን የሚመነጩት ብዙ ጅረቶች ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ፤ ጎጀብም ወደ ኦሞ ይገባል። የባርታን ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ የተባለውን ተፈጥሮ የሠራችውን የድንጋይ ድልድይ ለማየት ከሩቅ ሀገር የሚመጣ እንግዳ ካለ፣ የሀገሩ ተወላጅ በዚህ ጸጋ ሊደሰት የበለጠ መብት አለው።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ነገር በከተማችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዱ ሰው «ወንዝ የበሽታና የአደጋ ምንጭ ስለሆነ ልጆች ጨርሶ እንዳይጠጉት መከልከል ይገባል» ይላል። ሌላው ደግሞ «አያት ቅድመ አያቶቻችን ከዚሁ ወንዝ ጠጥተው፣ በዚሁ ወንዝ ታጥበው ኖረዋል፤ እኛንስ ምን ይነካናል?» እያለ ያፌዛል።

የእኔ አስተያየት ከሁለቱም የተለየ ነው። የተከለከለ ልጅ ወንዙን አይተውም፤ የሚተወው አብሮት የሚሄደውን ታላቅ ሰው ብቻ ነው። የሁለተኛው ወገን አነጋገር ደግሞ የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ የሞቱትን የረሳ ነው። በሕፃንነታቸው በተቅማጥ ያለፉት ለማንም አያት ለመሆን አልበቁምና መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም። በሀገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 200 ያህሉ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ይኸው ቁጥር ወደ 59 ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህም ክትባት፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና የእናቶች ትምህርት ትልቅ ድርሻ አላቸው። እንግዲህ ወንዙን እንውደደው፤ ነገር ግን ዐውቀነው እንቅረበው እላለሁ።

የጎደለ ወንዝ የሚያዘናጋ ስለ መሆኑ

በታኅሣሥና በጥር የወንዙ ውሃ ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ ይጎድላል። ወላጅም «ከጉልበት አያልፍም» ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ሆኖም የሁለት ዓመት ሕፃን በግንባሩ ቢደፋ አፉንና አፍንጫውን ለመሸፈን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ሰጣሚ ልጅ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይጮኽም፤ ትንፋሽ ለመሳብ ሲታገል ለጩኸት የሚተርፍ አየር የለውምና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በዝምታ ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከእነዚህም ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህም በላይ ለሕንፃ ሥራ አሸዋ የተዛቀበት ቦታ ከላይ ሲታይ ከሌላው ጋር እኩል መስሎ ከሥሩ ገደል ሊሆን ይችላል። ደግሞም በካፋ ዝናም የሌለበት ወር እምብዛም ስለማይገኝ፣ እኛ በተቀመጥንበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይኛው ደን የጣለ ዝናም ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። የጠራው ውሃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ ከላይ በኩል የጓጓ ድምፅ ሲሰማ ዕቃ ልሰብስብ ሳይሉ ልጆችን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ፈጣን ውሃ ከጉልበት በታችም ቢሆን ጎልማሳውን ሰው ጠልፎ ለመጣል ኃይል አለው። የትምህርት ቤት የረጅም ጊዜ ዕረፍት በክረምት ስለሚውል፣ በበጋ ከወላጆቻቸው ጋር የለመዱትን ቦታ ልጆች ለብቻቸው የሚጎበኙት ወንዙ በሚሞላበት ወራት መሆኑንም መምህራን እንዲያስቡበት ያሻል።

ዐይን የማያየው ጠላት

ውሃ ስለ ጠራ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ዝግ ብሎ በሚሄደውና ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ ውስጥ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆነች ትንሽ ቀንድ አውጣ ልትኖር ትችላለች። የበሽተኛው ዐይነ ምድር ከነትሉ ዕንቁላል ወደ ውሃው ሲገባ ጮጩ ወደ ቀንድ አውጣዋ ይገባል፤ በውስጧ ከተራባ በኋላ እንደገና ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ያልፋል። እንግዲህ ለመያዝ መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን ማንከር ይበቃል። የአንጀት ቢልሃርዝያ በጎረቤታችን በጅማ አካባቢ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ የእኛን ጅረቶች ነጻ ናቸው ብሎ መዝናናት አይገባም።

ስለዚህ በሽታ ሲነገር የሀገራችን ልጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሳይነሣ አይቀርም። እርሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው ተመለከተ። ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን እርሱ መርምሮ፣ እናቶቻችን ለሸማ ማጠቢያ የሚጠቀሙበት ቅጠላ ቅጠል የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም አስረዳ፤ በ1989ም ከሥራ ጓደኛው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ወንዝ ዳር የቆመ አስተዋይ ዐይን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከወንዝ በአፍ ተደፍቶ መጠጣት ደግሞ አልቅት በጉሮሮ እንዲጣበቅ፣ አሜባ፣ ጃርድያና የአንጀት ተስቦም እንዲይዝ ያደርጋል። በቡና ለቀማ ወራት በአንዳንድ ቦታ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ዝቃጭ ውሃ ወደ ጅረት ይለቀቃል። ይህ ፍሳሽ የውሃውን አየር ይጨርሳል፤ ሽታውን ይለውጣል፤ ቆዳንና ዐይንንም ይቆጠቁጣል። ለቀማው የሚፋፋመውም ወንዙ መጉደል በሚጀምርበት ጊዜ ስለሆነ ጥቂቱ ውሃ ብዙውን እድፍ ይሸከማል። ስለዚህ ከማጠቢያ በታች ሽርሽር መቀመጥ አይመከርም።

ቀንድ አውጣዋ ዝግ ያለውን ውሃ ስትወድ፣ ጥቁር ዝንብ ደግሞ ድንጋይ እየመታ የሚፈጥነውን ውሃ ትመርጣለች። በቀን እየነከሰች የምታስተላልፈው ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለው በሽታ ለካፋ እንግዳ አይደለም፤ ክፉኛ ያሳክካል፣ ቆዳን ያወፍራል፣ የቅልጥምን ቆዳ እንደ ነብር ያዥጎረጉራል፣ ዐይንንም ሊያጠፋ ይችላል። በሽታው የሚጸናው በብዙ ጊዜ ንክሻ ስለሆነ የአንድ ቀን ሽርሽር ብቻውን ሊያስፈራ አይገባም፤ የወንዝ ዳር ነዋሪው ግን ሁልጊዜ ይነከሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት በካፋና በሸካ በየመንደሩ በነጻ መታደል ጀምሯል። ያስገኙት ሁለቱ ሊቃውንት፣ ካምቤልና ኦሙራ፣ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ኪኒኑ በቁመት ተለክቶ ይሰጣል እንጂ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም። የተማረው የከተማ ሰው «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ አዳዩን ቢመልሰው ጎረቤቱም ያንኑ ይማራል፤ ስለዚህ ቀድሞ በመዋጥ አርአያ መሆን ይገባዋል።

ከላይ ያለው ለታች ያለው ዕዳ አለበት

እስካሁን የተነገረው ወንዙ በእኛ ላይ ስለሚያደርሰው ነው። እኛ በወንዙ ላይ የምናደርሰው ግን ከዚህ አይተናነስም። በሽርሽር ቀን ባለ ተሽከርካሪው ባጃጁን ወይም ሚኒባሱን በውሃው መሀል አቁሞ ከነዘይቱ ያጥባል፤ ሌላው የልጁን መጠቅለያ ከድንጋይ ሥር ይሸጉጣል፤ ሦስተኛው ለመጸዳዳት ከዳርቻው ፈቅ አይልም። ከዚያም ሁሉም በደስታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያው ሰዓት ከታች በኩል አንዲት እናት እንስራዋን ታጠልቃለች። እኛ ምሳችንን የበላንበት ወንዝ ለእርስዋ የቧንቧ ውሃዋ ነው።

በውጭ ሀገር ትምህርቴን ስከታተል የተማርኩት ታላቅ ነገር የእነርሱ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ ንጹሕ እንዳልነበረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 በጋ የለንደኑ የቴምስ ወንዝ ከመክፋቱ የተነሣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት መጋረጃዎች ሽታውን እንዲከላከሉ በመድኃኒት ይነከሩ ነበር። ሕጉና ገንዘቡ የተገኘውና ታላቁ የፍሳሽ ቦይ የተሠራው ሽታው ከሹማምንቱ አፍንጫ ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ግን ሽታ እስኪደርስብን መጠበቅ የለብንም፤ የካፋ ወንዞች ገና የሚጠበቁ እንጂ የሞቱ አይደሉምና።

ምን ይደረግ?

ለወላጆች የምመክረው የሚከተለውን ነው።

1ኛ. ከመካከላችሁ አንድ ታላቅ ሰው በስም ተለይቶ ልጆችን ብቻ ይጠብቅ፤ ስልኩንና መጠጡን ትቶ በየግማሽ ሰዓቱ ይተካ። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

2ኛ. ገመድና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በአጠገባችሁ ይኑር። ሰው ሲሰጥም ዘሎ ከመግባት ይህን መወርወር ይሻላል። ከውሃ የወጣውን ሰው «ውሃ ይውጣለት» ብሎ ቁልቁል ማንጠልጠል አይገባም፤ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ ወዲያው በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን፣ እየረዱም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

3ኛ. የሚጠጣውን ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ 3 ደቂቃ ይፍላ፤ አለዚያም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጨመርበት።

4ኛ. ከመብላት በፊትና ከተጸዳዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል መንገድ ስለሆነ ለሽርሽር ገበታ አይሁን፤ የተሠራ ወጥም በፀሐይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

5ኛ. ለመጸዳዳት ከውሃው 60 ሜትር ያህል ርቆ ጉድጓድ ምሶ መክደን፣ ቆሻሻውንም ሰብስቦ ወደ ቤት መመለስ ይገባል።

6ኛ. ልጆች በዝግተኛው ዳርቻ ከሚንቦጫረቁ በደረቁ ሜዳ ይጫወቱ። ውሃ የገባ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢታይበት፣ ወንዝ መግባቱን ለሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ፤ ቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይድናልና።

መምህራን ደግሞ ከክረምቱ ዕረፍት በፊት አንዱን የትምህርት ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ቢሰጡ ከብዙ ሰሌዳ ጽሑፍ የበለጠ ሕይወት ያድናሉ። ማዘጋጃ ቤቱም ሰዎች በሚያዘወትሩበት የወንዝ ዳር ቢያንስ የመጸዳጃ ቤትና በአማርኛና በካፊኛ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሊያቆም ይገባዋል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የሚያሳስብ የከተማ ሰው ነው። ያንን ማሳሰብ የመምህሩ፣ የነጋዴውና የጸሐፊው ፈንታ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ መጪው በጋ ሳይገባ ጥያቄውን ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያቀርብ በማክበር አሳስባለሁ።