ቋንቋ ያወቀ ሁሉ ወገን አይደለም

የባዕድ አገር ሰው ቋንቋችንን አጥርቶ ሲናገር ስንሰማ ልባችን ቶሎ ይረታል። «እንደኛው ሆኗል» እንላለን፤ ቡና አፍልተን እንጠራዋለን፤ ሳይጠይቀንም የሆዳችንን እናጫውተዋለን። ይህ ደግነት ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ቋንቋ ማወቅና ወገን መሆን ለየቅል መሆናቸውን የቬርነር ሙንዚንገርን ሕይወት ያህል ያስረዳኝ ታሪክ የለም።

ሙንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1832 ኦልተን በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ። አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። አባቱ ዮሴፍ ሙንዚንገር በ1848 ስዊስን እንዲመሩ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሹማምንት አንዱ ነበር። ልጅየው የምሥራቅ ቋንቋዎችን ተምሮ በ1852 ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ እዚያም በንግድ ቤት ሠራ። በ1854 የንግድ ጉዞ መሪ ሆኖ ወደ ቀይ ባሕር ወረደና ምጽዋ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ውስጥ አገር ዘለቀ፤ ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በከረን፣ ያን ጊዜ ቦጎስ ይባል በነበረው የብሌን ሕዝብ ምድር፣ ለዓመታት ተቀመጠ። ከዚያው አገር ሴት አግብቶ ትዳር መሠረተ።

ይህ ነጋዴ ከሸቀጡ ይልቅ የሚበልጥ ነገር ሰበሰበ፤ ቃል ሰበሰበ። በ1859 ስለ ቦጎሶች ልማድና ሕግ የጻፈው መጽሐፍ በጀርመንኛ ታተመ። «ሽማግሌ» የሚባለው ባለ መብትና «ትግሬ» የሚባለው ጥገኛ በምን ውል እንደሚኖሩ፣ ደም ሲፈስ ማን እንደሚካስ፣ ጋብቻና ውርስ በምን ሥርዓት እንደሚፈጸሙ፣ በሽማግሎች አንደበት ብቻ ይኖር የነበረውን ሕግ በወረቀት ላይ አሰፈረው። በ1864 «የምሥራቅ አፍሪካ ጥናቶች» የተባለውን ሥራውን አወጣ። በ1865 ደግሞ ያዘጋጀው የትግረ ቋንቋ የቃላት ስብስብ ከአውግስት ዲልማን ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጋር ላይፕዚግ ላይ ታተመ። የግዕዝ ተማሪ ሁሉ ዲልማንን ያከብራል፤ ከዲልማን ጋር የተጠረዙት የትግረ ቃላት የአንድ የምጽዋ ነጋዴ ጆሮ ያጠራቀማቸው መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን በምስጋና ባነሣነው ነበር። ነገር ግን ነጋዴው ቆንስል ሆነ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ በምጽዋ የእንግሊዝን ጉዳይ የያዘው እርሱ ነው። በ1867 እና 1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በአገር ዐዋቂነቱ አገለገለ። ከዚያ የፈረንሳይ ቆንስል ሆነ። በ1871 ደግሞ የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል የምጽዋ ገዥ አድርጎ ሾመው። በ1872፣ ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ የግብፅን ጦር መርቶ ከረንን ያዘ። ሰርጉን የደገሰበትን፣ ሽማግሎቹን ጠይቆ ሕጋቸውን የጻፈበትን ምድር ለሌላ ጌታ አስረከበ። ዐፄ ዮሐንስ በእንግሊዛዊው ኪርክሃም እጅ ለአውሮፓ ነገሥታት አቤት ቢሉም ጦሩ ከስፍራው አልተነቃነቀም።

ለሙንዚንገር የሚሟገት ሰው ምን እንደሚል ዐውቃለሁ። ቦጎስ በሁለት ኃይሎች መካከል የተጨነቀ አገር ነበር፤ ከደጋው ገዥዎች ግብር ይጠየቃል፣ ከከሰላ በኩል ወራሪ ይመጣበታል። በ1854 ከዚያ በኩል የመጣ ጦር ሰው ማርኮ ሲወስድ፣ ምርኮኞቹን ለማስመለስ የደከመው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ነው። እንግዲህ ጠንካራ መንግሥት ቢገባ ሕዝቡ ያርፋል ብሎ አስቦ ይሆናል። ይህን ክርክር አልንቀውም። ነገር ግን የጠባቂና የጥገኛን ውል አንቀጽ በአንቀጽ የጻፈ ሰው፣ ጥገኛው ጠባቂውን ማወቅ እንዳለበት ከማንም ይልቅ ይረዳ ነበር። ደግሞም ያስገባው ጠባቂ የትናንቱ ማራኪ የተነሣበት የግብፅ መንግሥት ራሱ ነበር። ዕውቀቱ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው ታማኝነት ነው።

ፍጻሜው በአውሳ ሆነ። በ1875 ከታጁራ ተነሥቶ፣ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በዐፄ ዮሐንስ ላይ ከግብፅ ጋር ለማስተባበር በአፋር ምድር በኩል ተጓዘ። የአፋርን የጨው ሜዳ ከስምንት ዓመት በፊት አቋርጦ ጽፎለት ነበር። በኅዳር ወር አፋሮች በሌሊት አደጋ ጣሉበት፤ እርሱም ሚስቱም በዚያው ሞቱ። በዚያው ሰሞን ሌላው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ።

እኛስ ከመጻሕፍቱ ጋር እንዴት እንኑር? ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስንነጋገር በሁለት ጎራ መከፈል ልማዳችን ነው። አንደኛው «ባለውለታችን» ብሎ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ ሁለተኛው «ሰላይ» ብሎ መጽሐፋቸውን ይዘጋል። ሁለቱም ከማንበብ ይገላግላሉ። አመስጋኙ መመርመር አያሻውም፤ ረጋሚውም መግለጥ አያስፈልገውም። በመካከሉ የሚጎዳው ሙንዚንገር አይደለም፤ እርሱ ከሞተ ቆይቷል። የሚጎዱት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተናገሩት ሽማግሎች ናቸው። ቃሉ የእነርሱ ነውና፤ ጸሐፊው ብዕሩን እንጂ ሕጉን አላመጣም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ እነዚህ ሥራዎች ወደ ብሌን፣ ወደ ትግረ፣ ወደ ትግርኛና ወደ አማርኛ ይመለሱ፤ በኅዳጋቸውም ጸሐፊው በ1872 ያደረገው ይጻፍባቸው። ቋንቋውን የሚያውቁ የአገሩ ልጆች በትክክል የሰማውን ያጽኑ፣ ያጣመመውን ያቅኑ። የተወሰደ ገንዘብ ሲመለስ ተቆጥሮ ነው፤ የተወሰደ ቃልም እንዲሁ ተመርምሮ ይመለስ።

ሲመለስም አንድ ክፍት ቦታ ይተውልን። ሙንዚንገር የሚስቱን ሕዝብ የጋብቻ ሕግ ጽፏል፤ አውሳ ድረስ አብራው ሄዳ አብራው የሞተችው ሴት ስለ ጋብቻዋ፣ ስለ ከረን መያዝ፣ ስለዚያ የመጨረሻ መንገድ ያለችውን ግን በራሷ አንደበት አላነበብሁም። ባሏ በሦስት መንግሥታት ስም ተናግሯል። እርሷ በማን ስም ትናገር እንደ ነበር ለመጠየቅ የሚችለው የእርሷን ቋንቋ የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ለእርሷ የሚቆረቆር ጸሐፊ ነው። እርሱን ከላይፕዚግ አንጠብቀው።