አጥቂ ብቻ አንቍጠር

እኛ ተማሪዎች ጉለሌ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ክርክራችን አንድ ነው፤ የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ማን ይሁን? ነገር ግን ያለፈው ይምከረን። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ለመድረስ ናይጄሪያን ማሸነፍ ብቻ ቀርቶን ነበር። ሳላዲን ሰይድንና ጌታነህ ከበደን የመሰሉ አጥቂዎች ነበሩን፤ በአዲስ አበባም ቀድመን ያገባነው እኛ ነን። ሆኖም 2 ለ1፣ በኅዳር ደግሞ በካላባር 2 ለ0 ተሸነፍን።

በእኛ አስተያየት የጐደለን አጥቂ ሳይሆን፣ ሲደክም የሚተካው ነው። ተተኪ የሚበቅለው ደግሞ በሠፈር ሜዳ ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጉለሌ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ለሕንፃ ሲታጠር ዝም ካልን፣ ስለ መጪው ማጣሪያ መከራከራችን ምን ይረባል? ከአጥቂው በፊት ሜዳውን እንቍጠር።