የተፈቀደ እምቢታ

ላልታዘዘው ሰው ሜዳሊያ የሚሸልም አዛዥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የሚኖረው «አይሲ» በተባለ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው፤ ሥራውም መተረክ ነው። ጌሙን የሠራው ፋንታብሌድ የተሰኘ የሻንጋይ ኩባንያ ሲሆን ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 2016 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌም የሚወዱ ወዳጆች አሉኝ። ስለዚህ ሥራ ባነሣን ቁጥር የሚያዥጎደጉዱት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ «ተጫዋቹን ነፃ ያወጣል» ይላሉ። ነፃ ማውጣት የሚያህል ቃል እንዲህ በርካሽ ሲቸበቸብ ዝም ብሎ ማየት ስለ ከበደኝ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ጌም ላልለመደ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ከጎን የሚታይ የፍልሚያ ጌም የሚባል ዘር አለ። ባለታሪኩ በጎኑ በኩል ይታያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ የመጣበትን ይደበድባል፤ እርሱ በሄደ መጠን ከኋላው ያለው አገር እንደ ብራና ጥቅልል እየተተረተረ ያልፋል። ከጎን ሲታዩ ከሚሮጡት ሁሉ ስሙ የገነነው የኔንቴንዶው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። በዚያ የ1985 ጌም ማሪዮ ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ወዲያ የቀረውን መንገድ ተመልሶ ሊረግጠው አይችልም፤ ጠርዙ እንደ ግንብ ይገትረዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ዓይነቱ ጌም ገና ከአፈጣጠሩ ትእዛዝ ነው። «ወደ ቀኝ ሂድ!» ይላል፤ ሌላ የሚለው የለም። ትእዛዙ ድምፅ ስለሌለው ግን ማንም ታዘዝኩ ብሎ አያማርርም።

የአይሲ ብልሃት ለዚህ ዲዳ ትእዛዝ አፍ መስጠቱ ነው። አይሲ ሰይፍ የታጠቀች ወጣት ናት። አንድ የወንድ ድምፅ ይቀበላታል፤ ይሁዳ የተባለውን ጠላት ፈልጋ መግደል እንዳለባት ይተርካል፤ መንገዱንም በስክሪኑ ላይ በሚታይ ቀስት ያመለክታል። ተጫዋቹ ቀስቱን ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢያመራ ተራኪው ይደናገጣል፣ ይቆጣል፣ ያሾፋል። ያለው ጌም ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ እናንተ ከስክሪኑ ወዲህ መቀመጣችሁንም ያውቃል፤ በእውነቱ የሚያናግረው አይሲን ሳይሆን እናንተን ነው። ቀስቱን ብቻ ተከትሎ የሄደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዳር ይደርሳል፤ ያየው ግን ቅርፊቱን ነው። ፍሬው ያለው ተራኪው አትሂዱ ባለበት በኩል ነው። እዚያ ለደረሰም ተጫዋቾች «አቺቭመንት» የሚሉት የክብር ምልክት በስሙ ይመዘገብለታል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ፍልሚያውማ ምኑ ይወራል! ቀላሉን ምትና ከባዱን ምት እያፈራረቁ፣ በመካከል እንደ ጥይት እየተወረወሩ በጠላት መሀል ሲያልፉ ጣትና ዓይን የሚስማሙበት ደስታ ሌላ ነው። በጃፓንኛው ቅጂ ተራኪውን የሚጫወተው ሂሮ ሺሞኖም ጃፓን ውስጥ የታወቀ የድምፅ ተዋናይ ነው፤ ሲንጨረጨር ያስቃል።

ጠቤ ከሙገሳው ጋር ነው። ለመሆኑ ተራኪው ሲቆጣ የተቆጣው ማን ነው? ያ ቁጣ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ ያለቀ ነው። ወደ ግራ እንደምሄድ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ሰው አለ። ይኸው ሰው ወደ ግራ ለሚሄድ ተጫዋች የሚሆን ንግግር ጽፏል፤ ተዋናይ ቀጥሮ አስነብቧል፤ ሥዕሉን አስሥሏል፤ ሜዳሊያውንም በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ታዲያ እምቢ ያልኩት ማንን ነው? ሁለተኛውም መንገድ እንደ መጀመሪያው በእርሱ አስፋልት የተነጠፈ ነው። «አትሂድ» የሚለው ቃል ከቀስቱ የበለጠ ቀስት ነው። «ያችን ሞሰብ እንዳትከፍት!» የተባለ ሕፃን እናቱ ዞር ስትል ወዴት እንደሚያመራ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

አዝማሪ ቤት ጎራ ያለ ሰው የእውነት ሌላ ዓይነት ተራኪ አይቷል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ ያዜመዋል። ስንኙ ሙገሳ ይሁን ስድብ፣ ጎረቤት የተቀመጠውን ሰው ይንካ ራሱን አዝማሪውን፣ እስኪነገረው ድረስ አያውቅም። አንዳንዴ የሰማው ነገር ያስደነግጠዋል፤ መሰንቆውን ትንሽ ያስረዝምና ፋታ ይገዛል። ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነው! እዚያ ተራኪው ሊሸነፍ ይችላል። የአይሲ ተራኪ ግን ቢፈልግም አይሸነፍም፤ ሽንፈቱም አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጠው ነውና። ማሽን እንደ ሰው ስንኝ አይቀበልም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጌሙን ለምን አዝማሪ አልሆንክም ብዬ አልከስም። አዝማሪ ነው እያሉ የሚሸጡልኝን ነው የምከሰው።

የባሰው ግን ወዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ጌም በራሱ ላይ ይቀልዳል፤ በራሱ መቀለዱም «ራስን ማወቅ» ተብሎ ይደነቃል። በዚህ ጉዳይ እንኳ ከእኛ የበለጠ ልምድ ያለው ብዙ ያለ አይመስለኝም። «ሂስና ግለ ሂስ» የተባለውን ትምህርት ቤት ከአንድ ትውልድ በላይ ተመላልሰንበታል። ግምገማ የተቀመጠ ሠራተኛ ያውቀዋል። አለቃው ከሁሉ ቀድሞ ይነሣና «ድክመቶች ነበሩብን» ይላል። የትኛው ድክመት? ማንን የጎዳ? በምን የሚካስ? እሱን አይናገርም። ከዚያ በኋላ እጁን የሚያወጣ ሰው ምን ይላል? ሊናገር ያሰበውን በአለቃው አፍ ሰምቶታል። ቢደግመው ሰዓት አባካኝ፣ ቢጨምርበት ክፉ ይባላል። ግለ ሂሱ ሂሱን በላው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለጉዳይ በተመላለስኩበት መሥሪያ ቤት መተላለፊያው ላይ የተሰቀለ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነበር። «ስሕተታችንን ይንገሩን» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ሣጥኑ ሞልቶ ወረቀቱ ከአፉ ወጥቷል፤ ቁልፉ ዝጓል።

የአይሲም አድናቂዎች ሲከራከሩ ያቺን ሣጥን ነው የሚያስታውሱኝ። ታሪኩ የተበጣጠሰ ነው ስትሏቸው «መበጣጠሱ እኮ ነው ቁም ነገሩ» ይላሉ። ይህኛው ክፍል ደካማ ነው ስትሏቸው «ሆን ተብሎ ነው» ይሏችኋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ድክመትም ድክመት ነው! ወጡን ያሳረረች ባለሙያ «ማረሩን አውቃለሁ» ስላለች ብቻ ወጡ አይጣፍጥም። ተራኪው ጉድለቱን ማወቁ ጉድለቱን ከማረም የሚያድነው ከሆነ ሃያሲ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?

ጌሙ የተሠራው ሻንጋይ በመሆኑ ብቻ ከሥሩ የተቀበረ የፖለቲካ ምሳሌ ሊቆፍር የሚነሣ አይጠፋም። ቻይና ጌም ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ የምትቆጣጠር አገር ናት፤ በ2018 አዲስ ፈቃድ መስጠቱን ለወራት አቋርጣ ነበር፤ በ2021 ደግሞ ልጆች በኢንተርኔት ጌም የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ማታ አንዳንድ ሰዓት ብቻ አድርጋለች። አይሲ ግን ከሁለቱም በፊት የወጣ ሥራ ነው። ወርቅ ፍለጋ ሰሙን ሳያዩ ማለፍ የቆየ አመላችን ስለሆነ ነው ይህን ማንሣቴ።

ራሱን የሚያውቅ ተራኪ ሁሉ አስመሳይ ነውን? አይደለም። ዴቪ ሪደን በ2011 የጀመረውና በ2013 ከዊልያም ፒው ጋር አስፋፍቶ ያወጣው «ዘ ስታንሊ ፓራብል» አለ። ፍልሚያ የለበትም፤ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ሲንከራተት ነው የምናየው። ተራኪው ስታንሊ በግራው በር ገባ ሲል እናንተ በቀኙ ትገባላችሁ፤ ንትርኩ ይጀመራል። ይሁንና ይህ ጌም ካሉት ብዙ መጨረሻዎች በአንዱ ላይ ሌላ የሴት ድምፅ ያመጣል፤ በየትኛውም በር ብትሄዱ የተጻፈላችሁን ብቻ እንደምታገኙ፣ ማሸነፊያው ጌሙን አቋርጦ መውጣት እንደሆነ ትነግራችኋለች። እቅጩን መናገር ማለት ይህ ነው።

ለጌም ይህን ያህል መንጨርጨር ምን አመጣው የሚለኝ ይኖራል። ያመጣውማ ዛሬ ብዙ ወጣት ታሪክ የሚማረው ከልቦለድ ሳይሆን ከጌም መሆኑ ነው፤ አያሳፍርም፤ ጌም ታሪክ መንገር ይችላል። ነገር ግን እምቢታን ሲማር ዋጋውንም አብሮ ይማር እንጂ! በስብሰባ መሀል ተነሥቶ «አልስማማም» ያለ ሰው የሚጠብቀው ሜዳሊያ እንዳልሆነ እናውቃለን። ዕድገቱ ይቀርበታል፤ ምሳ አብሮት ይበላ የነበረው ባልደረባ ጠረጴዛ ይቀይራል፤ ወደማያውቀው ቅርንጫፍ ይዛወራል። አይሲን የተጫወተ ልጅ ይህን ሲያይ ምን ይላል? «አቺቭመንቱ የት አለ?»

ዋጋውን የሚያሳይ ጌም ቢጠፋ እሺ። በ1995 ሴጋ ያወጣው «ኮሚክስ ዞን» ከአይሲ ሃያ አንድ ዓመት ይቀድማል፤ እርሱም ከጎን የሚታይ የፍልሚያ ጌም ነው። ስኬች ተርነር የተባለ የኒው ዮርክ ሠዓሊ በገዛ ሥዕላዊ መጽሐፉ ውስጥ ይወድቃል። ራሱ የፈጠረው ሞርተስ የተባለ ክፉ ደግሞ ከወረቀቱ ወጥቶ ብዕሩን ይይዛል። ሠዓሊው ከአንዱ የሥዕል ክፍል ወደ ሌላው እየዘለለ ሲታገል የሞርተስ ግዙፍ እጅ ከላይ ትወርድና እፊቱ ጠላት ትሥልበታለች። ይህ ባለታሪክ ታሪኩን ከሚጽፈው ጋር የምር ጠብ ውስጥ ነው፤ መወዳጀት የለም፤ ቀልድ የለም። ስኬች የቆመበትን ገጽ ቀዶ፣ የወረቀት አውሮፕላን አጥፎ በጠላቶቹ ላይ ሊወረውር ይችላል። ሲቀድ ግን የገዛ ሕይወቱ ይቀንሳል። መንገዱን የዘጋበትን ነገር በቡጢ ሲነርትም እንዲሁ፤ የሕይወቱ መለኪያ መስመር ከስክሪኑ ላይ እያጠረች ትሄዳለች። ማንም አያጨበጭብለትም። ወዳጆቼ «ነፃ ያወጣል» የሚለውን ቃል የግድ ለአንድ የፍልሚያ ጌም መስጠት ካለባቸው ገጹን ቀዶ ለሚደማው ለዚህ ሰውዬ ይስጡት፤ አይሲን ስለ ሰይፏ ያመስግኗት።