ወራሽ ያጣው የዕጣን ደን

ዕጣን ያልገባበት ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ይጨሳል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ አገር እየተላከ ምንዛሪ ያስገባል። ይሁን እንጂ ጢሱን የሚያውቅ ሁሉ ዛፉን ያውቃል ማለት አይደለም። ዛፉ የሚበቅለው ቆላ ነው። በመተማ፥ በሑመራ፥ በተከዜና በዓባይ ሸለቆዎች ደረቅና ድንጋያማ በሆነ ተዳፋት ላይ ይቆማል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየሳሳ ይላጣል፤ የሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ መባሉም ወረቀት የሚመስል ልብሱን ለመግለጽ ነው። ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ ሲረግፍ ሠራተኛው ይመጣና ቅርፊቱን በስለት ፋቅ ያደርገዋል። ሙጫው ይወጣል፤ አየር ሲነካው ይደርቃል፤ ይለቀማል፤ ከዚያም ቍስሉ እንደገና ይታደሳል። ይህ ሥራ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ይደጋገማል።

ስለዚህ ዛፍ ዛሬ የምንጽፈው የዕፅዋት ምርምርና የደን አስተዳደር ምን ያህል ተራርቀው እንደሚኖሩ ከእርሱ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በምርምር በኩል ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አይደለችም። የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚጠበቅበት ብሔራዊ ሄርባሪየም የተቋቋመው በ1959 ነው። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ታላቅ መዝገብ 6,000 ያህል ዓይነት ዕፅዋትን በስም፥ በመልክና በመገኛ ቦታ አስፍሯል፤ ከነዚህም አንድ አሥረኛው ገደማ ከሁለቱ አገሮች በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው አገር በአፍሪካ ብዙ አይደለም። ዳሩ ግን ስምና አድራሻ ማወቅ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሐኪም የበሽተኛውን ስም በመዝገብ ስለ ጻፈ ብቻ አከመው አይባልም።

ወደ ዕጣኑ እንመለስ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በሚገኙ 12 የዕጣን ደኖች ውስጥ ያሉትን ዛፎች ተከታትሎ የደረሰበት ነገር የሚያስደነግጥ ነው። አያያዙ እንደነበረ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶ ያልቃሉ፤ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በ2013 ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቻቸው የመተማን ዛፎች ዓመታዊ የግንድ ቀለበት ቈጥረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ አስረዱ። በ2019 ደግሞ ፍራንስ ቦንገርስ የተባሉት የሆላንድ ሊቅ ከአያሌ ተመራማሪዎች ጋር በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን 23 ደኖችን መርምረው፥ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፍ እንደሌለ ገለጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የጠፋው ቡቃያ አይደለም። ክረምት ሲገባ በደኑ ውስጥ ቡቃያ በብዛት ይታያል። በበጋ ከላይ ይደርቃል፤ ሥሩ ከተረፈ በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያቈጠቍጣል። ነገር ግን ከፍ ብሎ እሳትና የከብት አፍ የማይደርስበት ቁመት ላይ ሳይወጣ ዓመታት ያልፋሉ። ሽማግሌና ሕፃን ብቻ የቀሩበት፥ ጐረምሳ የሌለበት መንደር ማለት ይህ ነው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጨርሳቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያልሰማ አስተዳዳሪ ምን ያደርጋል? «ዛፉን የሚገድለው መፋቁ ነው» ብሎ መፋቅን ይከለክላል። ክልከላው ቀላልና የሚታይ ነው፤ በደብዳቤ ያልቃል። ነገር ግን የ2012ቱ ጥናት ባልተፋቁት ደኖችም ውስጥ ቢሆን ለጋ ዛፍ አላገኘም። ስለዚህ እሳቱና ግጦሹ እንዳለ ሆኖ መፋቁ ብቻ ቢቆም የአካባቢው ሰው ገቢውን ያጣል፤ ደኑም አይድንም። እንዲያውም ገቢ የማይሰጥ ደን ለእርሻ መመንጠሩ የማይቀር መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ስንል መፋቅ ምንም ጕዳት የለውም ማለታችን አይደለም። በኤርትራ ተደርጎ በ2006 የታተመ ምርመራ ካልተፋቁ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፥ ከተፋቁት የበቀለው ከ16 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። በዛፉ ላይ የሚበዛው ቍስል ዘሩን ያመክነዋል። ስለሆነም የሚያስፈልገው የቍስሉን ቍጥር በዛፉ ውፍረት መወሰን፥ ቀጫጭኑን ዛፍ ጨርሶ አለመንካት፥ የተፋቀውንም በየተራ ማሳረፍ ነው።

ሌላው ሥራ የወረዳው ነው። ደኑን ሁሉ አጥሮ ከብት ማባረር የሚታሰብ አይደለም፤ የከብቱ ባለቤትም ዜጋ ነው። ነገር ግን ደኑን በክፍል ከፍሎ አንዱን ክፍል ቡቃያው ቁመት እስኪያወጣ ከልሎ ማቈየት፥ ከዚያ ወደ ሌላው መዞር፥ በበጋም እሳት እንዳይሻገር ሣሩን ቀድሞ ማጨድ ይቻላል። ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ሊሰጥ ስለሚችል ከገበሬው ጋር መስማማቱም ያን ያህል አያስቸግርም ብለን እንገምታለን። ቅጠል የሌለውን ቅርንጫፍ ቈርጦ በመትከል ማራባት እንደሚቻልም በ2011 የታተመ ሙከራ አስረድቷል።

በኛ አስተያየት ዋናው እንቅፋት የሚገኘው በፈቃዱ ወረቀት ላይ ነው። ፈቃዱ አጭር ከሆነ ባለፈቃዱ ከዛፉ ማውጣት የሚችለውን ሁሉ አሟጦ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ሰው ለምን ይቈጥብ? ሠራተኛውም በለቀመው ኪሎ ልክ የሚከፈለው ከሆነ አንድ ቍስል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሪፖርቱም የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደ ወጣ ብቻ ከሆነ፥ ከደኑ ውስጥ ስንት ለጋ ዛፍ እንዳለ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አይኖርም። በ2019 በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአገር ደረጃ ችግኝ መቍጠር ለምደናል። በዕጣኑ ቆላ ግን መቈጠር ያለበት የተተከለው ሳይሆን ሳይተከል በቅሎ እሳቱን ያመለጠው ነው። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም፤ አንድ ሜትር፥ አንድ ደብተርና በዓመት የጥቂት ቀን እግር ጕዞ ይበቃል። ጥናቱን የሠራው ሊቅ ውጤቱን በእንግሊዝኛ መጽሔት አውጥቶ ዝም ከሚል፥ በሁለት ገጽ አማርኛና ትግርኛ ለወረዳው ቢልክ ደግሞ ቈጠራው ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

የ2019ኙ ጥናት የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ይህም እስከ 2039 ማለት ነው። ዛሬ ከኮሌጅ ወጥቶ በመተማ ወይም በሑመራ የደን ባለሙያ ሆኖ የተቀጠረ ወጣት በዚያ ዓመት ገና በሥራው ላይ ይሆናል፤ የፈቃዱንም ወረቀት የሚፈርመው እርሱ ነው።