ማስታወቂያው በማን በር ላይ ነው?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የኬሚስትሪ ምሩቅ ወንድማችን ሥራ ፍለጋ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ከርሞ፣ ጓደኛውን ሊጠይቅ ወደ ጤና ፋኩልቲ ጎራ ይላል። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የምርምር ፌሎሺፕ ማስታወቂያ ተለጥፎ ያያል። የሚፈለገው ሰው የመድኃኒት ዕፅዋትን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚያወጣ ኬሚስት ነው! የማመልከቻው ጊዜ ግን ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ያ ማስታወቂያ በኬሚስትሪ ክፍል ሰሌዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነውም ነበር። ፌሎሺፕ እንደ ዘወትር የመምህርነት ቅጥር አይደለም። አንድን ጥያቄ ለመመርመር፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ገንዘብ የሚሰጥ ሥራ ነው። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከምርምር ፕሮጀክት ስለሚገኝ፣ ማስታወቂያውን በበሩ ላይ የሚለጥፈው ፕሮጀክቱን የያዘው ክፍል ነው። ጥያቄው ግን የክፍል አጥር አያውቅም።

ለዚህ እንዶድ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በውኃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉትም እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው የአንድ ሙያ ብቻ ሊሆን አልቻለም፤ በፍሬው ውስጥ ያለውን ገዳይ ነገር የሚለይ ኬሚስት፣ ተክሉን መርጦ የሚያለማ የዕፅዋት ዐዋቂ አስፈለገ። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

በሌላው ዓለም ይህ የታወቀ ነገር ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ የየራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ጋዜጣ አላቸው፤ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ የታሪኩም የፊዚክሱም ሰው በሚያነበው በዚያ ወጥቷል። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽንም የምርምር ፌሎሺፑን ሲሰጥ ለትምህርት ዘርፍም ሆነ ለአገር ኮታ አያበጅም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችንን አስተዳደር የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የፌሎሺፕ ማስታወቂያ ሁሉ ከየትኛውም ክፍል ቢወጣ በአንድ የጋራ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ደመወዙ፣ ዘመኑና መራጩ አካል በግልጽ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ከተለጠፈበት ቀን አንሥቶ እስከ መዝጊያው ቢያንስ አንድ ወር ይሰጥ። ሥራው ለዘመድና ለወዳጅ በጆሮ የሚሾከሾክ እንዳይሆን ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለም።

እኛም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ የራሳችንን ክፍል ሰሌዳ ብቻ አንብበን «ሥራ የለም» ማለት ለምደናል። ሕግ ያጠና የመሬት ይዞታን በሚያጠናው የግብርና ፕሮጀክት፣ ሒሳብ ያጠና የበሽታ ስርጭትን በሚቆጥረው የጤና ጥናት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ማስታወቂያ ስናነብ የፋኩልቲውን ስም ትተን፣ «ይህ ጥያቄ የእኔን ሙያ ይፈልጋልን?» እንበል። ከማመልከታችንም በፊት የመሪውን ተመራማሪ ጽሑፎች እናንብብ፤ ልንመረምር የምንሻውንም በአንድ ገጽ ጽፈን እንያዝ።

እስከዚያው ድረስ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየፋኩልቲያችሁ የምታዩትን ማስታወቂያ ገልብጣችሁ ወደ ኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አምጡ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ለእናንተ የማይሆነው ማስታወቂያ ሌላ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ የሚፈልጉት ሊሆን ይችላልና።