ሳይፈተሽ አትግዙ፣ ሳትፈትሹ አትሽጡ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ የድሮ ሳይክል ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ አንብቡት። ሳይክል የሌላችሁም አትለፉት፤ ልጃችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ይኖረው ይሆናል።

የአደጋው ምልክት ገበያ ላይ ነው። ቆራሌ የሰበሰበው ዲናሞ፣ ከተበላሸ ሞተር የተፈታ ፓውዛ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ አንድ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ገዢ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ወስደህ ሞክረው» ነው። ሻጩ ዕቃውን አልፈተሸም። ገዢውም የመጀመሪያውን ሙከራ የሚያደርገው ማታ፣ መንገድ ላይ፣ በገዛ ሕይወቱ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፊታችን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የድሮ ሳይክልን በባትሪ ማስነሳት የሚፈልገውም ሰው እየበዛ ይሄዳል። አደጋው ከመብዛቱ በፊት መንቃት ያለብን አሁን ነው።

ከዲናሞው እንጀምር። የድሮ ሳይክል ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ነው። የፊት አምፖሉ 2.4 ዋት፣ የኋላው 0.6 ዋት ይወስዳል። ሁለቱ ተከፋፍለው ሲበሩ ችግር የለም። የፊቱ አምፖል ከተቃጠለ ግን ዲናሞው የሚያመነጨው ሁሉ ወደ ትንሿ የኋላ አምፖል ይሄድና እሷንም ያቃጥላታል። ሳይክል ነጂው ከፊቱ ያለውን ማየት ባቃተው ቅጽበት ከኋላው የሚመጣው መኪናም እሱን ማየት ያቅተዋል። ለባትሪ ድንጋይ የተሠራ መብራት በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ሲያያዝም እንዲሁ ነው። ቁልቁለት ላይ ጎማው ሲፈጥን ቮልቱ ይወጣል፣ መብራቱም ይቃጠላል። መብራት ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ያልተፈተሸ ዕቃ የሚከዳውም እዚያው ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሲመሽ የሚመለሱት ገበያተኛ፣ የአህያ ጋሪና ከብት መብራት የላቸውም።

ሌላም አለ። ዲናሞውን ከሳይክሉ ጋር የሚያያይዘው ብረት የላላ ወይም የሌላ ሳይክል ከሆነ በጉዞ ላይ ተንሸራትቶ ራጆቹ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የፊት ጎማ በድንገት ከተቆለፈ ሰውየው በመሪው ላይ ተወርውሮ በግንባሩ ይወድቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን ባትሪው ነው። አንድ የሊቲየም ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ይህን የሚቆጣጠር ካርድ የሌለው፣ ዕድሜያቸው ከተለያየ ሴሎች ተለቃቅሞ በናስትሮ የተጠቀለለ ባትሪ ሲሞላ ይግላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይቀጣጠላል። ጭሱም መርዝ ነው። ጣት በምታህለው ሴል ላይ «9900 ሚሊአምፔር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው፤ ምርጥ የሚባሉት ፋብሪካዎች የሚሠሩት እንኳ የዚያን ግማሽ አይሞላም። መለያው ላይ የዋሸ ሰው ውስጡን በጥንቃቄ ሠርቶታል ብላችሁ አትመኑ።

አሁን ቤታችሁን አስቡ። ማታ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይረሳል። ሌሊት መብራት ሲመጣ ቤተሰቡ በተኛበት መሙላት ይጀምራል። ሰውና ከብት በአንድ የሣር ክዳን ሥር በሚያድሩበት ጎጆ እሳት ከተነሳ ለመውጣት ያለው ጊዜ አጭር ነው። ኒውዮርክን የሚያህል፣ እሳት አደጋ መከላከያው የተደራጀ ከተማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተውበታል። ከተማው በዚያው ዓመት ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ያልተፈተሸ የኤሌክትሪክ ሳይክልና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ አገደ፤ ከአሮጌ ባትሪ የተለቀሙ ሴሎችን ገጣጥሞ መሸጥንም ከለከለ። እኛ ሰው እስኪሞትብን መጠበቅ የለብንም።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ገዢዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስፈትሹ። ሳይክሉን ገልብጡ፣ ዲናሞውን ጎማው ላይ አሳርፉ፣ 6 ቮልት አምፖል አያይዙና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ሲበራ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነቃንቁት። ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው ውስጡን ተበጥሷል ወይም ማያያዣው ላልቷል፤ ሳይስተካከል አትውሰዱት። አምፖሉ ሥር የተጻፈውን ቮልትና ዋት አንብቡ። ያበጠ፣ የተቧጨረ፣ ካርድ የሌለው ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሊቲየም ባትሪ በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ከደቡብ አፍሪካ ወንድም የላከው ቢሆንም ያው ነው፤ የወንድም ፍቅር ባትሪን አይፈትሽም።

ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን መግዛታችሁን ማስረዳት ይከብዳችኋል።

ሻጮችና ጠጋኞች፣ እናንተም ወገን ናችሁ፤ ደንበኞቻችሁ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ሱቃችሁ ውስጥ አንድ ቴስተር፣ አንድ አምፖልና የሚሽከረከር አንድ ጎማ ይኑር። የፈተሻችሁትን «ተፈትሿል» ብላችሁ ጻፉበት። የማይሠራውን ለብቻው አስቀምጡና ለመለዋወጫ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል እየገጣጠማችሁ መሸጥን ዛሬ አቁሙ። የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችም በገበያ ቀን ወጥታችሁ ሸራ ላይ የተዘረጋውን ተመልከቱ።

የገዛችሁት ባትሪ ቀድሞ ቤት ከገባ ደግሞ ነገን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ባትሪውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከመኝታ ቦታ፣ ከሣርና ከከብት መኖ አርቁት። የሚሞላው ሰው ነቅቶ እያየው፣ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ላይ ብቻ ይሁን። ከጋለ ወይም ከሸተተ መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡ፤ ዕቃው ይቅር። ነገ ጠዋት ደግሞ ሳይክሉን ወደ ጠጋኝ ውሰዱና መብራቱ በትክክል ሲበራ ሳታዩ ማታ አትንዱት።