ፕሌይስቴሽኑ የእኛ፣ ቁልፉ የኩባንያው

በሶፍትዌር ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ከዘመድ ከወዳጅ ደጋግመን የምንሰማት ጥያቄ አለች፦ «ይቺን ፕሌይስቴሽን ብትከፍትልኝስ?» አንዱ የልጆቹ ጌም በ70 እና በ80 ዶላር መሸጡ አንገሽግሾታል፤ በነፃ ማጫወት ይፈልጋል። ሁለተኛው ዲስክ የሚያነበው ክፍል ተበላሽቶበት ራሱ ሊጠግነው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥግ ላይ አቧራ በለበሰው አሮጌ ኮንሶል ላይ ሊነክስ ጭኖ እንደ ኮምፒውተር ሊሠራበት ያስባል። የሦስቱም ክርክር አንድ ነው። ዕቃው የኔ ነው፣ ደረሰኙም በእጄ ነው፣ በገዛ ንብረቴ ማን ያገባዋል?

በአሜሪካ ግን የሚያገባው አለ። እኔን የሚያሳስበኝም ሕጉ እነዚህን ሦስት ሰዎች በበቂ ሁኔታ አለመለየቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መቆለፊያው እና ሕጉ

መጀመሪያ መቆለፊያው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ኮንሶሉ ሲበራ ውስጡ ያለው ቺፕ ማንኛውም ፕሮግራም ከመነሳቱ በፊት የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ያጣራል። ፊርማ ከሌለው አይነሳም። ችግሩ ይህ ማጣሪያ የተሰረቀ ጌምንም፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ፕሮግራምም እኩል ይመልሳል። ለማሽኑ ሁለቱም «ያልተፈረመ» ናቸው።

በ1998 የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ፣ በአንቀጽ 1201፣ ሁለት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ በቅጂ መብት የተጠበቀን ሥራ የሚጠብቅ ዲጂታል መቆለፊያ ማለፍን፤ ሁለተኛ፣ ለዚያ የሚያገለግል መሣሪያ ወይም አገልግሎት ለሌላ ማቅረብን። ሳይሰርቁ መቆለፊያውን ብቻ መክፈት ጥፋት ነው ወይ በሚለው ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ተለያይተዋል። በ2004 አንዱ፣ ድርጊቱ ከቅጂ መብት ጥሰት ጋር መያያዝ አለበት አለ። ካሊፎርኒያን የሚያጠቃልለው ዘጠነኛው ችሎት ደግሞ በ2010 የግድ አይደለም አለ። ሆን ብሎ ለገንዘብ ጥቅም የሠራው ሰው ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 5 ዓመት እስር እና እስከ 500,000 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል።

ሕጉ መተንፈሻ አለው። በየሦስት ዓመቱ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑ ነገሮችን ይወስናል። በ2010 ስማርት ስልክን ጄልብሬክ ማድረግ ተፈቀደ። በ2012 ለኮንሶልም ይፈቀድ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሌብነት በር ይከፍታል በሚል ውድቅ ሆነ። በ2021 ጠባብ ፈቃድ ተሰጠ፤ የኮንሶልን የዲስክ ድራይቭ ለመጠገን ወይም ለመቀየር ብቻ፣ ያውም ሲጨርሱ መቆለፊያውን ወደ ቦታው በመመለስ። በ2024ም ይኸው ታደሰ።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፈቃዱ የመክፈትን ድርጊት እንጂ መሣሪያውን አይመለከትም። መክፈቻውን የሚሸጥልህ ሰው አሁንም ሕግ ይጥሳል። በሌላ አነጋገር፣ ሁለተኛው ሰውዬ ራሱ መሐንዲስ ካልሆነ በስተቀር ፈቃዱ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሦስተኛውስ? ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በ2006 ሲያወጣ ሊነክስ መጫን እንደሚቻል ራሱ ይናገር ነበር። በሚያዝያ 2010 ግን በአንድ አፕዴት ያንን አጠፋው። አፕዴቱን እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ኦንላይን መጫወት ቀረበት። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከገዛው ዕቃ ላይ አንዱ አገልግሎት ከሩቅ ተወሰደበት። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ሆትዝ የተባለ ወጣት የማሽኑን ቁልፍ ይፋ ሲያደርግ ሶኒ ከሰሰው፤ ጉዳዩ በወራት ውስጥ በስምምነት አለቀ።

ለራስ እና ለሰው

እኛን ይበልጥ የሚነካው «ለወዳጅ» ወይም «ለትንሽ ክፍያ» የሚባለው ነው። ከአዲስ አበባ ሞባይል ቤቶች ጀምሮ ፍላሽ ማድረግ፣ አንሎክ ማድረግ እንጀራ የሆነለት ወገን ብዙ ነው። ያንን ሙያ ይዞ እዚህ ሲመጣ ሕጉ ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ማቲው ክሪፕን የተባለ ተማሪ ቤቱ ውስጥ ኤክስቦክስ 360 በክፍያ ይከፍት ነበር፤ በፌዴራል ወንጀል ተከሶ በታኅሣሥ 2010 ችሎት ቆመ። ዐቃቤ ሕግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክሱን ማንሳቱ እድለኛ አደረገው።

በሌላው ጫፍ ያለው ጋሪ ባውዘር ነው። የተሰረቀ ጌም የሚያጫውቱ መሣሪያዎችን በሚሸጥ ቡድን ውስጥ የነበረ ካናዳዊ ሲሆን፣ በ2020 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተይዞ ወደ አሜሪካ ተላከ። በ2022 የ40 ወራት እስር ተፈረደበት። ለኒንቴንዶ በወንጀሉ 4.5 ሚሊዮን፣ በፍትሐ ብሔሩ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልም ተወሰነ። ለዚህ ሰው ጥብቅና አልቆምም። ግን ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ ላይ ያለ ወገን አንድ ነገር ይወቅ፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው የፌዴራል የወንጀል ፍርድ መዘዙ እስር ቤት ላይ ላያበቃ ይችላል።

ሚዛን ይቻላል

«ታዲያ ኩባንያዎቹ ይዘረፉ?» የሚል ይኖራል። አይዘረፉ። እኔም ኮድ ጽፌ ነው የምበላው፤ አንድ ጌም ስንት ሰው ስንት ዓመት እንቅልፍ እንዳጣበት አውቃለሁ። ኦንላይን የሚያጭበረብርን ተጫዋች ከኔትወርካቸው ማባረርም መብታቸው ነው። በግንቦት 2025 ኒንቴንዶ በአሜሪካ ውሉን ሲያድስ ግን የውሉን ገደቦች ከጣሱ መሣሪያውን ራሱን ለዘለቄታው ከጥቅም ውጪ ላደርገው እችላለሁ የሚል ቃል አስገባ። ከኔትወርክ ማባረር ሌላ፣ ሰው የገዛውን ዕቃ ከሩቅ መግደል ሌላ።

አውሮፓ የተሻለ መለኪያ አላት። በጥር 2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ኒንቴንዶ ፒሲ ቦክስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያን በከሰሰበት ጉዳይ፣ የመቆለፊያ ጥበቃ ተመጣጣኝ መሆን አለበት፣ ዳኞችም ሰዎች መሣሪያውን በተግባር ለምን እንደሚጠቀሙበት ይመርምሩ አለ። በኋላ የሚላኖ ፍርድ ቤት ሚዛኑን አይቶ ለኒንቴንዶ ፈረደ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ «ምን ተሠራበት?» ብሎ መጠየቅ ኩባንያዎችን ያለ መከላከያ እንደማያስቀር ነው። ሌባው ይያዛል፤ ጠጋኙና ተመራማሪው ግን አብረው አይታሰሩም።

በአሜሪካ ደግሞ «የመጠገን መብት» የሚባለው ሕግ በየግዛቱ ሲስፋፋ የጌም ኮንሶል ተነጥሎ እየቀረ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ በ2023 ባወጧቸው ሕጎች ስልክና ላፕቶፕ ሲካተቱ ኮንሶል በስም ወጥቷል።

ይህ እንደሚለወጥ የማምነው በስልክ ስላየሁት ነው። ለእናት ለአባት የሚላክ ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም እምቢ ሲል ያልተቸገረ ማን አለ? በ2013 መጀመሪያ ላይ አዲስ የተገዛ ስልክን ያለ ኩባንያው ፈቃድ አንሎክ ማድረግ ከተፈቀዱት ዝርዝር ወጣ። ከ100,000 በላይ ሰው ለዋይት ሐውስ ፊርማ አሰባሰበ። ነሐሴ 2014 ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ መብቱን መለሰ፤ ባለቤቱ ራሱ ብቻ ሳይሆን እሱ ያዘዘው ሌላ ሰውም እንዲከፍትለት ፈቀደ። ለኮንሶል የጎደለው ይኸው ነው፤ ለሕጋዊ ጥገናና ለራስ ሥራ ባለሙያ ማሠራት መቻል።

በሦስት ዓመቱ ስሌት ቀጣዩ ውሳኔ በ2027 ይደርሳል። ከዚያ በፊት ሕዝብ አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባል፤ ለዚያ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ዕቃ ተበላሽቶበት መጠገን የተከለከለ ሰው የሚጽፈው አንድ ገጽ ዋጋ አለው። እስከዚያው ለሦስቱ ጠያቂዎች መልሴ ይህ ነው። ለነፃ ጌም ብለህ ከሆነ አልከፍትልህም። ዲስክ ድራይቩን ራስህ ልትጠግን ከሆነ ሕጉ ከጎንህ ነው፤ መቆለፊያውን መልሰው። ሊነክስ ልትጭን ለምትለው ግን ሕጉ ገና መልስ አላዘጋጀም፤ በገዛ ዕቃህ ላይ ፈቃድ ጠባቂ ሆነሃል።